በጠመኔ የጻፍኩት «ቡዳ»

ነፋስ ስልክ ሥራ የጀመርኩ ዕለት ዲሬክተሩ አንድ ፓኮ ጠመኔ፣ አንድ ዳስተርና አንድ ቀጭን የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ሰጡኝ። ጊዜው የሃምሳዎቹ መጀመሪያ ነው። ለአርባ የሰባተኛ ክፍል ልጆች መጽሐፉ ያው አንድ ብቻ ነበር፤ ከመቃብር እየተነሳ የሰው ደም ስለሚመጥ ፍጡር የሚያወራ አስፈሪ ታሪክ። «ልጄ፣ መጀመሪያ ቃላቱን አስጨብጣቸው፤ ታሪኩ ከዚያ ራሱ ይገባቸዋል» አሉኝ።

ከመምህራን ማሠልጠኛ ገና መውጣቴ ነውና ጉራዬ አይጣል ነበር። ሰሌዳውን ለሁለት ከፈልኩት፤ በግራ እንግሊዝኛ፣ በቀኝ አማርኛ። የሬሳ ሣጥን፣ የሌሊት ወፍ፣ ክራንቻ፣ የሾለ እንጨት፣ ነጭ ሽንኩርት። «ቲቸር፣ ሽንኩርቱ ለወጥ ነው?» አለ አንዱ፤ ተሳሳቁ። የመጨረሻው የፍጡሩ ስም ነበር፤ ቫምፓየር። አማርኛ አጣሁለት። ደወሉ ሊደወል ነው፤ አያውቅም እንዳልባል «ቡዳ» ብዬ ጻፍኩ።

ሳቁ ቆመ። ሁሉም ወደ ሦስተኛው ዴስክ ዞሩ። እዚያ የተቀመጠችው በላይነሽ ነበረች፤ አባቷ ለአቅራቢያችን የለቡ ገበሬዎች ማረሻና ማጭድ የሚሠሩ ባለእጅ ናቸው። ባለእጅ ቡዳ ነው፣ በዓይኑ ሰው ይበላል የሚለውን ወሬ እኔም እየሰማሁ ነው ያደግኩት። ያን ሰዓት ግን ትዝ አላለኝም።

በማግስቱ ሁለቱ የዴስክ ጓደኞቿ ሌላ ቦታ ተጣበው ተቀመጡ። በሦስተኛው ቀን እሷም ቀረች። በእንግሊዝኛ ከክፍሉ የሚበልጣት አልነበረም። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ፤ አፈርኩ።

ከሰዓት በኋላ ቤታቸው ሄድኩ። አባትየው ወናፋቸውን ያናፋሉ፤ በላይነሽ ከሰል ታቀብላለች። ቀና ብላም አላየችኝ።

«አባቴ፣ ጥፋቱ የኔ ነው» አልኩ።

«መምህር፣ እዚህ እኔ እጠብቃታለሁ። እዚያ ግን እርስዎን አምኜ ነው የላክኋት።»

«ትመለስልኝ፤ ጥፋቴን አርማለሁ።»

«በልጆቹ ፊት ያሉትን በልጆቹ ፊት ያንሱት። ያኔ ትማራለች።» አልተቆጡም፤ ይህ ደግሞ ባሰብኝ።

ሰኞ በላይነሽ መጥታ በሩ አጠገብ ቆመች። ቃሉን መልሼ ጻፍኩና በዳስተር አጠፋሁት። «ተሳስቻለሁ» አልኩ። «ቫምፓየር ፈጠራ ነው፤ መጽሐፍ ውስጥ ብቻ ይኖራል። ቡዳ የምንለው ግን ጎረቤታችንን ነው፤ ሰው ይበላል መባሉም ውሸት ነው። ባለእጅ ያልሠራው ማጭድ ቤቱ ያለ ልጅ እጁን ያውጣ።» ማንም አላወጣም። በላይነሽን ወደ ቦታዋ ወሰድኳትና መጽሐፉን ይዤ ከጎኗ ተቀመጥኩ። ጮክ ብላ እንድታነብ ሰጠኋት።

እያነበበች አንድ ቦታ ላይ ቆመች። ፍጡሩ የቤቱ ሰው «ግባ» ካላለው ደፍ አያልፍም ይላል።

«ቲቸር፣ እኛ ክፍልስ ማነው ግባ ያለው?» አለችኝ።

«እኔ ነኝ፤ ያን ቃል ስጽፍ» አልኳት።

አንደኛዋ ጓደኛዋ በሳምንቱ ወደ ዴስኩ ተመለሰች። ሌላዋ እስከ ዓመቱ መጨረሻ አልተመለሰችም። በላይነሽ ግን ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን አልቀረችም።

አዳዲስ መምህራንን የምላቸው አንድ ነገር ነው፤ ሰሌዳ ላይ ከመጻፋችሁ በፊት ዴስኩ ላይ የተቀመጠው ማን እንደሆነ እወቁ።