አምባ ጊዮርጊስን የሰጠሁበት እንቆቅልሽ

ትናንት ከሰዓት በኋላ ተከራዬ ሰላም፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት፣ ስልኳን እንደያዘች በረንዳዬ ላይ አገኘችኝ። "ጋሼ፣ እስቲ ይቺን ይፍቱልኝ" ብላ አነበበችልኝ። ሁለት ወንድማማቾች መንታ መንገድ ላይ ቆመዋል። አንዱ ሁልጊዜ እውነት ይናገራል፣ ሌላው ሁልጊዜ ይዋሻል፤ የትኛው የትኛው እንደሆነ አይታወቅም። አንዱን ብቻ፣ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቆ ወደ ከተማ የሚወስደውን መንገድ ማወቅ ነው። አቤት፣ ይህን ከሰማሁ ስንት ዘመኔ!

ተማሪ ሳለሁ የተከራየሁት እዚሁ ጎንደር፣ ማራኪ ሰፈር፣ አያ እንድሪስ ግቢ ነበር። ፒያሳ ጨርቅ ሲነግዱ የኖሩ፣ ሚስታቸው የሞቱባቸው፣ ልጆቻቸው የራቁባቸው ሽማግሌ ነበሩ። ከአምባ ጊዮርጊስ የመጣሁት እኔም ሰው አልነበረኝም። ከማንም ሳልነጋገር እየዋልኩ፣ የራሴን ድምፅ ለመስማት ብዬ ደብተሬን ጮክ ብዬ አነብ ነበር። ብቸኝነት እንዲህ ያጃጅላል።

አንድ ቀን ከዐሱር ሶላት በኋላ መንገዱ ዳር ካለው በረንዳቸው ጠሩኝና ቅርንፉድ የገባበት ሻይ ቀዱልኝ። እኔም እናቴ የላከችልኝን የገብስ ቆሎ አመጣሁ። "እንቆቅልህ" አሉኝ። "ምን አውቅልዎ" አልኩ። ከዚያ ወዲያ የየዕለት ሥራችን ሆነ። ሲያቅተኝ "አገር ስጠኝ" ይላሉ። ደባርቅን እሰጣለሁ፣ ዳባትን እሰጣለሁ። እሳቸው በሰጠኋቸው አገር እንደ ንጉሥ ገብተው፣ ሰንጋውን በልተው፣ እኔን አመድ ላይ አስቀምጠው ሲያበቁ መልሱን ይነግሩኛል።

አንድ ቀን ታዲያ "ይህ የመጨረሻዬ ነው፤ ከዚህ ወዲያ ባዶ ነኝ" ብለው የሁለቱን ወንድማማቾች ነገር አመጡ።

መልሱ ከፒያሳ ስመለስ ሚኒባስ ውስጥ መጣልኝ። አንዱን "ወንድምህን ብጠይቀው የትኛውን መንገድ ያሳየኛል?" ማለት ነው። ውሸታሙ የወንድሙን እውነት ይገለብጣል፤ እውነተኛው የወንድሙን ውሸት እንዳለ ያወራል። ያም ሆነ ይህ የሚያሳዩህ የተሳሳተውን ነውና በሌላው ትሄዳለህ። ደስ ብሎኝ ከሚኒባሱ ስወርድም ብቻዬን እስቅ ነበር። ወደ በረንዳው ስጠጋ ግን እርምጃዬን ቀነስኩ። ይህን ከነገርኳቸው ነገ ምን ብዬ እመጣለሁ?

"እህሳ?" አሉኝ።

"አቃተኝ፣ አያ።"

"እንግዲያ ነገ ሞክረው።"

በማግስቱም አቃተኝ። የማይሆን መልስ ሁሉ እየፈጠርኩ አመጣላቸዋለሁ፣ እሳቸውም ጭንቅላታቸውን ይነቀንቃሉ። የእኔ ሁዳዴ ገብቶ ወጣ፣ የእሳቸው ረመዳንም ገብቶ ወጣ። በረመዳን ሻዩ ቀረ፤ አብሮ መቀመጣችን ግን አልቀረም። አገር ስጠኝ አይሉኝም፣ እኔም ልስጥዎ አልልም።

ሰኔ ላይ ትምህርቴን ጨርሼ ሩቅ አገር ተመደብኩ። መንገዱ ጭቃ በጭቃ ሆኗል። ሻንጣዬን ይዤ ልሰናበታቸው ስቀርብ "በል፣ አገር ስጠኝ" አሉኝ።

ደነገጥኩ። "አምባ ጊዮርጊስን" አልኩ፣ የገዛ አገሬን።

"አምባ ጊዮርጊስ ገብቼ፣ ማሩን በልቼ፣ በበቅሎው ተቀምጬ..." ብለው ጀመሩና መሐል ላይ አቋረጡት።

"መልሱስ፣ አያ?"

"መልሱንማ ታውቀው የለ! ያን ቀን ከሚኒባስ ስትወርድ ብቻህን ስትስቅ አይቼሃለሁ።"

"ምነው ታዲያ ዝም አሉ?"

"አንተስ ምነው ዝም አልክ?"

ለካ ሁለታችንም ውሸታሙ ወንድም ነበርን። ጉልበታቸውን ስሜ ሄድኩ። ከዓመታት በኋላ ወደ ጎንደር ስመለስ እሳቸው ሞተዋል፣ ግቢውም ተሸጧል።

"አቃተዎት አይደል?" አለችኝ ሰላም።

"እንጃ፤ ነገ ልንገርሽ" አልኩ።

"ኧረ ጋሼ፣ ለነገ ደግሞ ምን ያሳድረዋል!" ስልኳን ነካ አድርጋ መልሱን አነበበችልኝ። ትክክል ነው። ከዚያ ክፍሏ ገብታ በሯን ዘጋች።

አገር እንኳ አልጠየቀችኝም። ብትጠይቀኝ ጎንደርን በሞላ እሰጣት ነበር።