ደህና ነኝ ያልኩበት መጠይቅ

ሮቤ ላይ ጨርቅ ስሸጥ ሃያ ዓመት አልፎኛል። ፓርኪንሰን ከያዘኝ ወዲህ ቀኝ እጄ ስለሚንቀጠቀጥ ጨርቁን ለክታ የምትቆርጠው ባለቤቴ ናት። ጎባ የሚያክመኝ ሐኪም፣ ተመራማሪዎች በሽታው ቀን ተቀን ምን እንደሚያደርግ ከታማሚው ከራሱ መስማት እንደሚፈልጉ ነግሮኝ፣ በየሦስት ወሩ በስልክ ለሚሞላ መጠይቅ አስመዘገበኝ።

የመጀመሪያውን በአምስት ደቂቃ ጨረስኩት። እንቅልፍ? ደህና። መራመድ? ደህና። ልብስ መልበስ? ደህና፣ አልሀምዱሊላህ። ከላክሁት በኋላ ባለቤቴ ስልኩን ተቀብላ አነበበችና፣ «ዛሬ ጠዋት የሸሚዝህን ቁልፍ ማን ቆለፈልህ?» አለችኝ።

ተናደድኩ። «ሰው እንዴት ነህ ሲለኝ ታዲያ ምን ልበል? ላማርር?»

«እነሱ እኮ አያዩህም! የሚያውቁት አንተ የነገርካቸውን ብቻ ነው።»

እውነቷን ነበር፤ ያናደደኝም እሱ ነው።

ሁለተኛው መጠይቅ ሲመጣ ሱቁን ዘግቼ ተቀመጥኩ። የመድኃኒቱ ኃይል ከቀትሩ የዙህር ሶላት በፊት እንደሚያልቅ፣ ግንባሬን መሬት ካስነካሁበት ሱጁድ ስነሳ ጎረቤቴ እንደሚደግፈኝ፣ የትኩስ ዳቦ ሽታ ከጠፋብኝ ዓመታት እንዳለፉ ሁሉንም ጻፍኩ። ጣቴ እየሳተ ብዙ ጊዜ አረምኩ እንጂ አላፈርኩም። እኔ የደበቅኩትን ተመራማሪው ከየት ያመጣዋል?

መጨረሻው ላይ «የሚጨምሩት ሐሳብ ካለ» ይላል። እንዲህ ብዬ ጨመርኩ፦ «የባለፈውን ሰርዙት። ሰላምታ ነበር።»