ሳላይ የተቀበልኩት ሽጉጥ

ይህ ከሆነ ሁለት ዓመት አለፈው። ዛሬም በር ድው ብሎ ሲዘጋ የሚታየኝ ጎንበስ ያለው የጋሽ የማነ ጀርባ ነው።

የምኖረው ሆላንድ፣ አምስተርዳም ውስጥ ስሎተርቫርት የሚባል ሰፈር ነው። ሥራዬ ቱስዞርግ ነው፤ በየቤታቸው እየሄድኩ አረጋውያንን አጥባለሁ፣ አለብሳለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን አምስተርዳም ኖርድ ያለ የዒላማ ተኩስ ክለብ እሄዳለሁ። አዎ፣ ሴት ልጅ ሽጉጥ ትተኩሳለች! የሐበሻው ወሬ ሰልችቶኛል።

ከአባላቱ አማርኛ የምናወራው እኔና ጋሽ የማነ ብቻ ነበርን። ኤርትራዊ ጡረተኛ ናቸው፤ አማርኛውን የለመዱት በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ጋራዥ ሲሠሩ ነው። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ከቤት የሚወጡት ለቤተ ክርስቲያንና ለክለቡ ብቻ ነበር።

ሮተርዳም ለምወዳደርበት ቀን ሳምንት ሲቀረው ሽጉጤ አመል አወጣ። ስተኩስ ቀለሃው ተስፈንጥሮ መውጣት ሲገባው እዚያው ይቀረቀራል። ጥይት ቀየርኩ፣ ካዝና ቀየርኩ፣ ወለወልኩ፤ ወይ ፍንክች! ጋሽ የማነ መነጽራቸውን አድርገው አገላብጠው አዩና፣ "ልጄ፣ ቀለሃውን ይዞ የሚያወጣው ጥፍር ተበልቷል" አሉኝ።

የተቀረቀረውን ቀለሃ በጣታቸው አወጡልኝ። ካዝናውን ነቀሉ፣ ሁለት ጊዜ አቀባበሉ። ምንም አልወጣም። "ባዶ ነው" ብለው ሰጡኝ።

ክለቡ ውስጥ በመጀመሪያው ቀን የምንማረው ሕግ አለ፤ ማንም ይስጠን ማን፣ ሽጉጥ ስንቀበል ከፍተን ራሳችን ማየት አለብን። ደቾቹ ሲሰጡኝ ሁልጊዜ አያለሁ። አባቴ የሚሆኑ ሰው "ባዶ ነው" ካሉኝ በኋላ ግን እፊታቸው ከፍቼ ልይ? አላመንኩዎትም ማለት መሰለኝ። ይሉኝታ ያዘኝ። ይሉኝታዬ ገደል ይግባ!

"አሁን ይሻለው ይሆን ጋሽዬ?" ብዬ ወደ እሳቸው ዞር እያልኩ ቃታውን ሳብኩት።

ድው አለ።

ለካ ወለሉ ላይ የወደቀ ቀለሃ ሊያነሱ ጎንበስ ብለው ነበር። ጥይቱ ደረታቸው በነበረበት አልፎ ግድግዳው ውስጥ ገባ። ያ የተበላ ጥፍር፣ ካዝናው ሳይነቀል የገባውን ያልተተኮሰ ጥይትም ማውጣት አቅቶት፣ ጥይቱ ውስጥ ቀርቶ ኖሯል። ሁለታችንም ይህን አላሰብነውም።

ጋሽ የማነ ቀና ብለው አዩኝ። ሽጉጡን ቀስ ብለው ከእጄ ወሰዱት። የተኩስ መስመሩ ኃላፊ ከኋላችን ካለው የመስታወት ክፍል እየሮጠ ሲመጣ ሽጉጡ በእሳቸው እጅ ነበር።

"ማነው የተኮሰው?"

"እኔ ነኝ" አሉ በደችኛ።

እኔስ? አፈር ልብላ፣ ዝም አልኩ! ክለቡ አባረራቸው፤ የመሣሪያ ፈቃዳቸውም ተሰረዘ። እኔ በሳምንቱ ሮተርዳም ሄጄ በተዋስኩት ሽጉጥ ተወዳደርኩ።

በኋላ ቤታቸው ሄጄ እያለቀስኩ፣ "ለምን እንዲህ አደረጉ?" አልኳቸው።

"ባዶ ነው ያልኩሽ እኔ አይደለሁ? ያመንሽኝ አንቺ ነሽ። ማመን ደግሞ ጥፋት ነው እንዴ?" አሉኝ።

ዛሬ ቅዳሜ ሲመጣ እሳቸው ቤት ይውላሉ፤ እኔ እተኩሳለሁ። ለኃላፊው ልናገር ስንቴ ተነሣሁ፣ ስንቴስ ፈርቼ ተመለስኩ! ይኸው እዚህ ጻፍኩት፤ ቀለል የሚለኝ መስሎኝ ነበር። ግን ራሴን አልዋሽም። በአማርኛ የጻፍኩት አሁን ክለቡ ውስጥ ከእኔ በቀር አማርኛ የሚያነብ ስለሌለ ነው።