ጆሮ እና የአሮጊቷ ዲናሞ

የጋራዡ ሰዎች «ጆሮ» ይሉታል። ስሙ የወጣለት ጆሮው ትልቅ ስለሆነ እንዳይመስላችሁ፤ እንዲያውም ለግንባሩ የማይመጥን ደቃቃ ጆሮ ነው ያለው። መኪና ገና ከበር ሳይገባ በድምፁ ብቻ በሽታውን ስለሚናገር ነው። ሻዩን እንደያዘ «የዚያች ሰማያዊ የኋላ ፍሬን ሸራዋ አልቋል» ይላል፤ ጎማዋ ሲፈታ እውነትም አልቆ ይገኛል። ሌላው መካኒክ ግማሽ ቀን ፈትቶ የሚደርስበትን እሱ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ራሱን ወደ አንድ ጎን ዘንበል አድርጎ ያገኘዋል። ሠላሳ ስምንት ዓመት እንዲህ ኖሯል። ኩራቱም በዚያው ልክ ነው፣ ለምን ይዋሻል።

ጋራዡን አሁን የምታስተዳድረው ልጁ ናት። ሙያውን ያስተማራት ራሱ ነው። ሠራተኞቹ «አለቃ» ይሏታል፤ እሱም ሊያናድዳት ሲፈልግ እንደነሱው «አለቃ» ይላታል። ሰኞ ጠዋት ይቺው አለቃ ቢሮ አስገብታው በሩን ዘጋች። ባለፈው ሳምንት አንዲት ፒካፕ ወደ ኋላ ስትመጣ ክላክሷን ሳይሰማ ቀርቶ፣ ጎሚስታው ቱታውን ጨምድዶ ባይጎትተው ኖሮ ዛሬ የምናወራው ሌላ ወሬ ነበር። እሱ ሐሳብ ይዞኝ ነው ብሎ ሊያልፈው ሞከረ። እሷ ግን ስልክ ሲጠራ እንደማይሰማ፣ ቴሌቪዥኑን ጎረቤት እስኪማረር እንደሚከፍተው፣ እናቷን አንዱን ነገር ሦስት ጊዜ እንደሚያስደግማት አንድ በአንድ ቆጠረችለት። ከዚያም ቁርጡን ነገረችው። አንድ ሥራ ብቻውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ይሥራ። መኪናው ያለ እንከን ከወጣ ሁለተኛ ይህን ነገር አታነሳበትም። እንከን ከተገኘ ግን ቱታውን አውልቆ ቤቱ ይቀመጣል።

እሱን ያስፈራው ቤት መቀመጡ ነው። ቤት ውስጥ ምን ሊሠራ? ባለፈው ዓመት ታሞ ሁለት ሳምንት ቢተኛ የቤቱን ማጠፊያ ሁሉ ዘይት ቀብቶ ሲጨርስ የሚስቱን ልብስ ስፌት መኪና ፈታ። ስፌት መኪናው ጤነኛ ነበር። ሚስቱ ይህን እስከ ዛሬ ታነሳበታለች።

ደግነቱ ሥራው በእግሩ መጣ። ማክሰኞ ጠዋት ጥሩምባ አሮጊቷን እየነዳ ከች አለ። ጥሩምባ የጆሮ የልጅነት ጓደኛ ነው። ዕድሜውን ሙሉ በጭነት መኪና ካቢና ውስጥ ሞተር አጠገቡ ሲያጓራ ስለኖረ፣ እቤቱ ሶፋ ላይ ተቀምጦም ሞተሩ የተነሳ ይመስለዋል መሰል፣ ሁሌ እየጮኸ ነው የሚያወራው። ለአንድ ሰው ደህና አደርክ ሲል መንገድ ማዶ ያለው ይመልስለታል። አሮጊቷ ደግሞ የጭነት መኪናው ናት። ከልጆቹ ሁሉ በዕድሜ ትበልጣለች፤ ልጆቹ እንደሚሉት ከነሱ አስበልጦ ይወዳታል።

ሰሞኑን ከኮፈኗ ሥር ወፍራም ጉርምርምታ አምጥታለች። ጥሩምባ በማግስቱ ንጋት ላይ የትምህርት ቤት ወንበር ጭኖ ተራራ መውጣት አለበትና፣ መንገድ ላይ እንዳትገትረው ፈርቷል። ጆሮ ረጅሙን ካቻቢቴ አንስቶ ጫፉን ባትሪ የሚሞላው ዲናሞ ላይ፣ እጀታውን ከጆሮው ኋላ አጥንቱ ላይ አሳረፈ። ዓይኑን ጨፈነ። ጉርምርምታው በአጥንቱ በኩል ጥርሱ ድረስ ገባ። ዲናሞው ውስጥ ያለው ኩሽኔታ አልቋል አለ። አልተሳሳተም፤ ይህን መቼም እንመስክርለት።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሥራ ብታዩት ደስ ይላችኋል። መጀመሪያ የባትሪውን ገመድ ፈታ። የዲናሞውን ሽቦዎች ከመንቀሉ በፊት እያንዳንዱን በቀለም ፕላስተር ምልክት አደረገባቸው። ዲናሞውን የሚያዞረውን ቺንጋ አላልቶ አወጣ፤ ሁለቱን የዛጉ ቡሎኖች በዘይት እያባበለ፣ ሳይሰብር፣ ሳይሳደብ ነቀላቸው። አሮጌውን ዲናሞ አውርዶ ፑሌጃውን በእጁ ቢያሽከረክረው ጠጠር እንደገባበት ወፍጮ አንገራገረ። ለጥሩምባ አሳየው፤ ጥሩምባም በሕክምና የወጣለትን ጥርስ እንደሚያይ ሰው ገላብጦ አየው። አዲሱ ዲናሞ ልክክ ብሎ ገባ። የቀረው ቺንጋውን መወጠር ብቻ ነበር።

ቺንጋ ሲወጠር መሃሉን በአውራ ጣት ተጭኖ ምን ያህል እንደሚሰጥ ማየት ነው ደንቡ። ጆሮም ለሌላው የሚያስተምረው ይህንኑ ነው። ለራሱ ግን እንዲህ ሠርቶ አያውቅም። የእሱ ዘዴ ሌላ ነው፤ ትንሽ ይወጥርና ሞተር ያስነሳል፣ የላላ ቺንጋ ሲንሸራተት የሚያወጣውን ቀጭን ጩኸት ያዳምጣል፣ አጥፍቶ ደግሞ ጥቂት ይወጥራል፣ እንደገና ያስነሳል። ጩኸቱ የጠፋ ጊዜ ቺንጋው ልኩን አገኘ ማለት ነው። ብዙ ጊዜ አራቴ አምስቴ ይፈጅበታል። ዛሬ በመጀመሪያው ተሳካ። ጥሩምባ ቁልፉን አዞረ፣ አሮጊቷ ተነሳች፣ ጆሮም ዓይኑን ጨፍኖ፣ ራሱን ዘንበል አድርጎ ሰማ። ጉርምርምታ የለም፣ ጩኸት የለም። ልቡ ቅቤ ጠጣ።

«በአንዴ!» አለ ወደ ካቢናው። «ትሰማለህ?»

«ፀጥ!» አለ ጥሩምባ፣ መንደሩን ሁሉ እያሰማ። ደስ ብሎት ትልልቁን መብራት ሁሉ አበራ።

አሁን እንግዲህ እውነቱን እንናገር። አሮጊቷ እየጮኸች ነበር። ቺንጋው ላልቶ ይንሸራተታል፤ መብራቱ ሲበራ ደግሞ ዲናሞው ከበደውና ጩኸቱ በስለት ሳህን የመፋቅ ያህል ሆነ። ግቢው ውስጥ ከነበረው ፍጥረት ሁሉ ያልሰሙት ሁለቱ ጓደኛሞች ብቻ ናቸው። ሰው ሲያረጅ ከጆሮው መጀመሪያ የሚሄደው ቀጭኑ ድምፅ ነው፤ ወፍራሙ ይቆያል። ስለዚህ የዲናሞውን ጉርምርምታ የሰማ ሰው የቺንጋውን ጩኸት አልሰማም። ጥሩምባማ ሁለቱንም መስማት ከተወ ቆይቷል።

ጆሮ ዓይኑን ሲገልጥ ፊቱ እስከ ጆሮው ድረስ በሳቅ ተሞልቶ ነበር። መጀመሪያ ያየው ጎሚስታውን ነው። ሁለት ጣቱን ጆሮው ውስጥ ወትፏል። በያጁ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ፊቱን አጨማዷል። ድመቷ ሁልጊዜ ከምትተኛበት የጎማ ክምር ላይ የለችም። ልጁ ደግሞ ቢሮው በር ላይ ቆማለች። ተቆጥታ ቢሆን ይሻለው ነበር። አልተቆጣችም፤ ከንፈሯን ነክሳ እያየችው ነው፣ ዓይኗም እንባ አቅርሯል።

ሳቁ ፊቱ ላይ ደረቀ። ለጥሩምባ በእጁ አጥፋው አለው። ሞተሩ ሲቆም ጎንበስ ብሎ ቺንጋውን በአውራ ጣቱ ተጫነው። እንደ ልብስ ማስጫ ገመድ ረገበ። አፈረ። በሠላሳ ስምንት ዓመት ውስጥ እንዲህ አፍሮ አያውቅም። ዝም ብሎ እንደገና ሊወጥረው ይችል ነበር፤ ጥሩምባ እንደሆነ ምንም አልጠረጠረም፣ ልጁም ከአፏ ቃል አላወጣችም። ግን እስከ መቼ ብሎ ይወጥራል? መቼ ይብቃው? በአውራ ጣት እንዳይለካው እጁ በዚያ አልለመደም፤ የለመደው ጆሮው ነው፣ እሱም ከዳው።

«ልጄ፣» አለ ቀና ሳይል፣ «ትጮሃለች?»

«ትጮሃለች አባዬ።»

እጁ ላይ ያለውን ግራሶ በጨርቅ ጠረገ፤ ጨርቁ ከእጁ የባሰ ቆሻሻ ነበር።

«እንግዲያው ነይ አጠገቤ ቁሚ፤» አላት። «አንቺ ስሚልኝ፣ እኔ ልወጥር።»

መጣች። ከሞተሩ ማዶ፣ ከፊት ለፊቱ ቆመች። ጥሩምባ አስነሳ፤ ፊቷ ተጨማደደ። አጠፋ፤ ጆሮ ቡሎኑን ሩብ ዙር አጠበቀ። አስነሳ፤ አሁንም አንድ ቅንድቧ ተሰቅሎ ቀረ። አጠፋ፤ ጥቂት ጨመረበት። ጆሮ ዓይኑን አልጨፈነም፣ ራሱንም አላዘነበለም፤ ፊቷን ብቻ ነበር የሚያየው። ለካ ግራ ቅንድቧ መሃል ላይ ትንሽ ጠባሳ አላት። ለካ የራሱን እናት አገጭ ነው የያዘችው። ስንት ዓመት አብሯት ሞተር ላይ ሲያጎነብስ ይህን ሁሉ አላየም፤ ምክንያቱም ሁልጊዜ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር የሚሠራው። አምስተኛው ላይ ቅንድቧ ወረደ፣ ትከሻዋ ወረደ፣ እጇንም እንደ ትራፊክ ዘርግታ አስቆመችው። መብራቱ ሁሉ በራ። ፊቷ እንደነበረ ቆየ። ጎሚስታው ጣቶቹን ከጆሮው አወጣ።

ጆሮ ኮፈኑን ዘግቶ ቀስ ብሎ የቱታውን የላይኛ ቁልፍ ፈታ። ሁለተኛውንም ፈታ። ቃል ቃል ነው፣ እንከን ተገኝቷል።

ልጁ ሦስተኛው ላይ እጁን ያዘችው። ሐሙስ የጆሮ ሐኪም ዘንድ እንደምትወስደው፣ ይህም ለድርድር እንደማይቀርብ ነገረችው። ጥሩምባንም አብረው ይወስዱታል፤ እሱን የማሳመኑ ሥራ ግን የአባቷ ነው። ከዚያ ሁለቱን ቁልፎች ራሷ መልሳ ቆለፈችለት፤ ትንሽ ልጅ ሆና ትምህርት ቤት ሊያደርሳት ሲል ኮቷን እንዲሁ ነበር የሚቆልፍላት።

«ቱታህን አታውልቅ፤» አለችው። «ብቻ ከእንግዲህ ስትሰማ ዓይንህን አትጨፍን።»

መልስ ሊሰጣት አፉን ሲከፍት ጥሩምባ ራሱን በካቢናው መስኮት አወጣ። እሱ የገባው ነገር ቢኖር ሞተሩን አምስት ጊዜ እንዳስነሱትና አምስት ጊዜ እንዳስጠፉት ብቻ ነበር።

«ቅድም ነግሬያችሁ አልነበር?» አለ፣ ግቢውን በድምፁ እየሞላ። «ፀጥ ብላለች ብያችሁ ነበር እኮ!»