የድንቡሼ ልክ

ልብስ ሰፊዋን ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቃት ድንቡሼ በሚል ስም ነው። እናትና አባቷ ያወጡላት ስም ሌላ ነበር፤ ግን ያ ስም መታወቂያዋ ላይ ከመቀመጥ በቀር ብዙ ሥራ አልነበረውም። ሕፃን ሳለች ጉንጯን የቆነጠጠ አንድ ዘመድ «ይቺ ድንቡሼ» አላት፤ በዚያው ቀረ። አድጋም፣ አግብታም፣ የራሷን የስፌት መኪና ገዝታም ድንቡሼ ናት። ስሙ አስከፍቷት አያውቅም። ሰው ሲጠራት ድምፁ ውስጥ ትንሽ ሳቅ አለ፤ እሷም ያንን ሳቅ ትወደዋለች።

የምትሠራው ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ አብረዋት ከተከራዩ አንድ ሽማግሌ ልብስ ሰፊ ጋር ነው። ሽማግሌውን ሰው ጋሼ ኮሌታ ይላቸዋል፤ የሸሚዝ ኮሌታ እንደሳቸው አስተካክሎ የሚያስቀምጥ ስለሌለ። እሷ የሴት ልብስ ትሰፋለች፣ እሳቸው የወንድ። ክፍሉ ውስጥ ሁለት መኪና፣ አንድ የመቁረጫ ጠረጴዛ፣ አንድ ካውያ፣ ግድግዳው ላይ ደግሞ ከራስ እስከ እግር የሚያሳይ መስታወት አለ።

የድንቡሼ ዓይን ሜትር ነው ይባላል። ደንበኛዋ ገና በሩን ስታልፍ ትከሻዋን፣ ወገቧን፣ የክንዷን ርዝመት በዓይኗ ለክታ ትጨርሳለች። ሜትሩን ከአንገቷ ላይ የምታወርደው ለወጉ ያህል ነው። «ባለፈው ከመጣሽ ወዲህ ጨመር አላልሽም?» ስትል ሴቶቹ ይስቃሉ። ከሌላ ሰው ቢሰሙት ይቀየሙ ነበር፤ ከድንቡሼ ሲሆን ግን እንደ ምርቃት ይወስዱታል።

ባሏ ዳቦ ጋጋሪ ነው። ከዱቄት ጋር ስለሚውል ማታ ወደ ቤት ሲመለስ ቅንድቡ ሳይቀር ነጭ ነው፤ እሷም «ዱቄቴ» ትለዋለች። ጉልበቷ ደረጃ መውጣት እምቢ ሲላት፣ ስኳሯ ከፍ ዝቅ ማለት ሲያበዛ፣ እንቅልፍ ላይ ትንፋሽ እያጠራት እሱ ደንግጦ መቀስቀስ ሲለምድ፣ ሐኪሙ ጨጓራዋን የሚያሳንስ ቀዶ ጥገና እንድታደርግ መከራት። ቀዶ ጥገናው በተደረገበት ቀን ባሏ ከክፍሉ ደጃፍ ወንበር እያለለት ሳይቀመጥ፣ ቆሞ ሲጸልይ ዋለ። ፈጣሪም ሰማው። በሰላም ወጣች።

ክብደቷ ከወር ወር እየቀነሰ ሄደ። አንድ ቀን ደረጃውን ወጥታ ከጨረሰች በኋላ ትንፋሿን ብታዳምጥ ማለክለክ የለም፤ ደንግጣ ብቻዋን ሳቀች። ጫማዋን ጎንበስ ብላ አሰረች። ለዚህ ሁሉ በየማለዳው ተመስገን ትላለች፤ ስትልም ከልቧ ነው።

ሌላው ነገር የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አስቀድሞ የነገራት ሰው የለም ማለት አይቻልም። ከሆስፒታል ስትወጣ ነርሷ፣ «እኛ የነካነው ጨጓራሽን ነው፤ ሐሳብሽን አልነካነውም። እሱ ቀስ እያለ ነው የሚደርስብሽ። ሲከብድሽ ነይ፤ ስለዚህ ነገር የሚያነጋግርሽ ሰው አለን» ብላት ነበር። ድንቡሼ ግን ያን ዕለት የቁስሏን ሕመም እንጂ ሌላ ነገር የምትሰማበት ጆሮ አልነበራትም።

በመጀመሪያ የመጣው የሰው አድናቆት ነው። አንዲት የቆየች ደንበኛዋ በሩ ላይ ቆማ አፏን በእጇ ያዘች።

«ውይ፣ አንቺ ነሽ እንዴ? እኔ እኮ አዲስ ሠራተኛ የተቀጠረች መስሎኝ። አሁን ገና ሰው ሆንሽ።»

ድንቡሼ ፈገግ ብላ ቀሚሱን አጥፋ ሰጠቻት። ሴትየዋ ከሄደች በኋላ ግን መኪናዋን ማንቀሳቀስ አቃታት።

«ጋሼ፣ እስከ ዛሬ ምን ነበርኩ ማለት ነው?»

«ካውያ» አሏት ቀና ሳይሉ። «ስትገቢ ቤቱን የምታሞቂ፣ የተጨማደደ ሁሉ የሚቃናብሽ።»

ሳቀች። ሳቁ ግን ሆዷ አልደረሰም። ያቺ «ሰው አይደለችም» የተባለችው ሴት ስንት ዓመት በዚህ ወንበር ላይ ተቀምጣ የሰው ልብስ ሰፍታለች፣ አፍቅራለች፣ ታማ ተነሥታለች። ማንም ሳይሰናበታት መሄዷ ከነከናት።

ደግሞም ሰውነቷ የድሮውን ልማድ አልተወም። በጠረጴዛውና በመኪናው መካከል ስታልፍ አሁንም ጎኗን አዙራ ነው፤ ዛሬ ግን እሷን የሚያህሉ ሁለት ሰዎች ተቃቅፈው ቢያልፉበት አይነካቸውም። እንግዳ ቤት ስትሄድ ወንበሩን በእጇ ነቅነቅ ሳታደርግ አትቀመጥም። ግድግዳው ላይ ያለውን መስታወት ደግሞ ገና ያልተወሰዱ ቀሚሶች እየሰቀለች ሸፍናዋለች። ደንበኛ ልብስ ልትለካ ስትመጣ ብቻ ይገለጣል።

ሐዘኑም መሄጃ አጣ። ድሮ ሲከፋት ትበላ ነበር፤ እህል ገብቶ ያስታግሰዋል። አሁን ሐዘኑ እንደ ድሮው ይመጣል፣ እጇም በልማድ ይዘረጋል፤ ሁለት ሦስቴ እንደጎረሰች ግን ጨጓራዋ በቃኝ ይላል። ከዚያ በኋላ ሐዘኑና እሷ ፊት ለፊት ተፋጥጠው ይቀመጣሉ።

ይህን ሁሉ ትችለው ነበር፤ ያልቻለችው የማታውን ነው። ድሮ ባሏ ሲመጣ የመጨረሻውን ዳቦ በኮቱ ሥር ይዞ ይገባል። ዳቦው ገና ትኩስ ነው፣ የኮቱም ደረት አብሮ ይሞቃል። እሷ ሾርባውን ታቀርባለች፣ እሱ ዳቦውን በእጁ ይቆርሳል፣ ከዚያ ወሬው ይጀመራል፤ ማን መጣ፣ ማን ምን አለ፣ የትኛዋ ደንበኛ በእርጅናዋ ጉልበት የሚያሳይ ቀሚስ አዘዘች። ትዳራቸው የተጋገረው እዚያ ጠረጴዛ ላይ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

አሁን ባሏ ባዶ እጁን ይገባል። «በልቼ ነው የመጣሁት» ይልና እጁን ታጥቦ ጋዜጣ ይዞ ጥግ ይቀመጣል። እሷ ትንሿን ሳህን ይዛ ብቻዋን ትቀርባለች። ድንቡሼ ብሎ መጥራቱንም ትቷል። የሚጠራት በመታወቂያዋ ስም ነው፤ በጠራት ቁጥር አንድ መሥሪያ ቤት ሄዳ፣ ተራዋ ደርሶ፣ በመስኮት የተጠራች ይመስላታል።

እሷም ነገሩን በልቧ ጨረሰችው። ያገባው ድንቡሼን ነው፤ ድንቡሼ የለችም። ስለዚህ ትዳሩ እያለቀ ነው፤ እሱ ጨዋ ስለሆነ አይናገረውም እንጂ። አንድ ማለዳ ጸሎቷን ጀምራ መሀል ላይ ቆመች። «ጌታዬ፣ አዳንከኝ፣ ተመስገን» አለች፤ ቀጥላ ደግሞ ቀስ ብላ «ግን ያዳንከው ማንን ነው?»

ከዚያ በኋላ አንድ ነገር ልሞክር አለች። ባሏ ድሮ ሲያይባት የሚወደው ደማቅ ሰማያዊ ጨርቅ ነበር፤ ከዚያ ገዝታ ለራሷ ቀሚስ ልትሰፋ ተነሣች። ቀዶ ጥገናውን ካደረገች ወዲህ የምትለብሰው የድሮዎቹን በመርፌ ቁልፍ እየያዘች ነበር። ጨርቁን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች፣ በጠመኔ አሰመረች፣ መቀሱን አንሥታ ቆረጠች። እጇ ፈጣን ነበር፤ አንዴም አላመነታችም።

ጋሼ ኮሌታ ከመኪናቸው ላይ ሆነው ሲያዩ ቆዩና መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፉት።

«የማን ነው ይሄ?»

«የኔ ነው።»

«ከማን ጋር ልትለብሺው?»

«እንዴት?»

«ልጄ፣ እዚህ ውስጥ አንቺም ትገቢያለሽ፣ እኔም እገባለሁ፣ ለካውያውም ቦታ ይተርፋል።»

ያነሣችውን ጨርቅ ደረቷ ላይ አደረገችው። ግራና ቀኙ እስከ ጠረጴዛው ጫፍ ተንጠለጠለ። ስንት ሴት በጨረፍታ አይታ የለካች ሴት የራሷን ልክ ስታለች። በልቧ ያለችው ያቺው የድሮዋ ነበረች፤ እጇም ለሷ ቆረጠላት። መጀመሪያ ሳቀች፣ ከዚያ ሳቁ መልኩን ቀየረ፣ ጨርቁን ፊቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች።

ጋሼ ኮሌታ ተነሥተው ሜትሩን ሰጧት። «ወገብሽ ላይ አንቺ ያዢው፤ እኔ ቁጥሩን ብቻ ላንብብልሽ።» ያዘችው። አነበቡላት።

«ሜትርዎ ተበላሽቷል» አለች።

«ሜትሬ ደህና ነው። ዓይንሽ ነው ወደ ኋላ የቀረው፤ ይደርሳል።»

ቁጭ አለች። «ጋሼ፣ የኔና የባሌም ነገር እንደዚህ ጨርቅ ሆኗል። የተቆረጠው ለድሮዋ ነው። አሁን ልኬ አይደለም።»

«እንደዚያ አለሽ?»

«እሱ መቼ ይናገራል።»

«ታዲያ እሱንም በዓይንሽ ነዋ የቆረጥሽው» አሉና ወደ መኪናቸው ተመለሱ። «እንደኔ ከሆነ ልብሱን ትተሽ መጀመሪያ እሱን ለኪ። አሁን ሂጂ፣ እኔ እዘጋለሁ።»

ዳቦ ቤቱ ስትደርስ ፀሐይ ልትጠልቅ አዘቅዝቃለች። የፊቱ በር ስለተዘጋ በጓሮ ዞረች። ባሏ ሽርጡን ሳያወልቅ ከምድጃው አጠገብ ቆሟል። በእጁ አንድ ዳቦ ይዟል፤ እየገመጠ፣ ሳያላምጥ እየዋጠ፣ እንደ ሌባ ነው የሚበላው። የሰው ጥላ ሲያይ ቀና አለ። የፀሐይዋ ብርሃን ከኋላዋ ነበር።

«ዳቦ አልቋል፣ እህቴ። ጠዋት ይምጡ።»

ድንቡሼ ዞራ ለመሄድ አንድ እግሯን አንሥታ ነበር። ግን ሳትለካ መቁረጧ ታወሳትና እግሯን መለሰችው።

«ዳቦ ፈልጌ አልነበረም የመጣሁት» አለች።

በድምፅዋ አወቃት። የያዘውን ዳቦ ወደ ጀርባው ደበቀ፤ ወዲያው ደግሞ መደበቁን አፈረበት።

«ብርሃኑ ነው… ከጀርባሽ ሆኖ… እኔ እኮ…»

«ተወው። እኔም ዛሬ ራሴን አላወቅኩም።» የቀሚሱን ታሪክ ነገረችው። ጋሼ ኮሌታና ካውያው ጋ ስትደርስ ሳቀ፤ ከቅንድቡ ዱቄት ረገፈ። እሷም የሚረግፈውን ዱቄት አይታ ደፈረች።

«ለምንድን ነው እዚህ ቆመህ የምትበላው?»

መሬት መሬት አየ። «አንቺ ሁለት ማንኪያ ቀምሰሽ ስታስቀምጪ፣ እኔ ፊትሽ ዳቦ ስገምጥ ጭካኔ መሰለኝ።»

«እኔ ደግሞ ያስጠላሁህ መስሎኝ።»

«አንቺ?» አለ። «እኔ የምፈራው ሌላ ነው። መንገድ ላይ ሰው ዞሮ ሲያይሽ አያለሁ። ነገ ከነገ ወዲያ ይቺ ሴት ከዚህ ዱቄት ጋር ምን ልሠራ ነው ብትልስ እላለሁ።»

«በስሜ የምትጠራኝስ?»

«ስምሽ ነዋ።»

«በዚያ ስም እናቴ እንኳ የምትጠራኝ ስትቆጣ ብቻ ነበር።»

«ድንቡሼ ካልኩሽ የሚከፋሽ መስሎኝ። ይህን ሁሉ መከራ ያየሽው እሷን ለመተው አይደል?»

«የጉልበቷን ሕመም ነው የተውኩት» አለች። «እሷን አልተውኳትም። ሁላችሁም ናችሁ መጥራት የተዋችኋት።»

ባሏ ሽርጡን አወለቀ። ከመደርደሪያው ሥር ለራሱ ያስቀረው ሌላ ዳቦ ነበር፤ በኮቱ ሥር አደረገውና አብረው ወጡ።

ነገሩ በዚያ ማታ አለቀ ማለት አይደለም። ጠረጴዛው ላይ ቀርበው እሱ ዳቦውን ሲቆርስ ሽታው ውስጧ ድረስ ገባና ዓይኗን እንባ ሞላው። ተነሥታ ንጹሑን ብርጭቆ እንደገና አጠበች፣ አደረቀች፣ ተመልሳ ተቀመጠች። እሱም መብላቱን ሊያቆም ሲል «ብላ፣ ወሬውን ግን እንዳታቋርጥ» አለችው። ከሳምንት በኋላ ነርሷ ወደነገረቻት ሰው ሁለቱም ሄዱ። እዚያም እንደሷ የከሱ፣ እንደሷ በጎናቸው የሚያልፉ ሰዎች አገኘች። ዛሬም መስታወቱ የሚሸፈንባቸው ቀኖች አሉ። ዛሬም አንዳንድ ሰው አዲሱን መልኳን ሲያደንቅ የድሮዋን ወግና ትቆጣለች፤ ቁጣው ግን አሁን በአፏ ይወጣል፣ ሆዷ ውስጥ አያድርም።

ሰማያዊውን ቀሚስ ከጋሼ ኮሌታ ጋር አጠበቡት። በዚህ ጊዜ በሜትር ለክተው ነው። ስፌቱ ሲያልቅ ሽማግሌው ልብሱን ገልብጠው ከውስጥ የተረፈውን ጨርቅ አዩና መቀሱን አነሡ።

«ይሄንን ሁሉ ትርፍ ልቁረጠው?»

«ሁሉንም አይቁረጡት። ጣት የምታህል ይተዉልኝ።»

«ተመልሼ እወፍራለሁ ብለሽ ፈርተሽ ነው?»

«ፍርሃቱም አለ» አለች። «ግን የድሮዋም ማረፊያ ትፈልጋለች።»

ጋሼ ኮሌታ ጣት የምታህል ትተው ቆረጡ፣ ጠርዙን በካውያ ተጭነው አስተኙት፤ ከውጭ ለሚያየው ሰው ምንም አይታይም።

አመሻሹ ላይ ቀሚሱን ለብሳ በዳቦ ቤቱ የጓሮ በር ላይ ቆመች። እንደዚያን ቀን ብርሃኑ ከኋላዋ ነበር። ባሏ ከምድጃው ቀና ብሎ አያት፤ እጁን በሽርጡ ጠረገ፤ ፊቱን ኮስተር አደረገ።

«ምን ልርዳዎት፣ እህቴ?»

«ድንቡሼ የምትባል ሴት ፈልጌ ነበር።»

«ጥሩ ሰዓት መጡ» አለ። «አሁን ገና በበሩ ገባች።»