የላንድሮቨሯ ባሌስትራ

ሙሀመድዘይን መኪና መመርመር ብቻ አይበቃውም፤ ማውራት አለበት። ዓባይ ማዶ ካለው ጋራዡ የገባችን መኪና ጥጓን በሁለት እጁ ተጭኖ ይለቃታል። አንዴ ብድግ ብላ ከረጋች ደህና ናት፤ ከተወዛወዘች አሞርዛተሯ ሞቷል። ከዚያ ከሥር ገብቶ ምን ስትጭን እንደኖረች ይዘረዝራል። «ይቺ የዱርቤቴ በርበሬ ስታመላልስ ነው የከረመች» ይላል፤ አይስትም። ሚስቱ ዘይነት፣ «አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም፤ ተው አንተ ሰው!» ትለዋለች። መቼ ሰምቷት!

በ1970 ግንቦት ላይ፣ ታናሽ ወንድሙን አስተማሪውን ዓብደላን «ለጥያቄ ትፈለጋለህ» ብለው ከወሰዱት አሥራ ስምንት ቀን ሆነ። ዘይነት በየቀኑ ምሳ ዕቃ ሞልታ እስር ቤቱ በር ላይ ለዘቡ ትሰጣለች፤ ዕቃው ባዶውን ይመለሳል። ባዶ ከሆነ የሚበላው አለ ማለት ነው። የቤቱ ተስፋ ይኸው ብቻ ነበር።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ፣ ዓብደላን የወሰደው ካድሬ ዳኘው አሮጌ ላንድሮቨር አስነድቶ መጣ። «ኋላዋ ይንቋቋል። እስከ ምሳ ትድረስልኝ» አለ። ክንዱ የሚባለው ሾፌሩ ከወንበሩ አልወረደም።

ሙሀመድዘይን ከሥር ገባ። የግራውን ባሌስትራ፣ ጭነቱን የሚሸከመውን ንብርብር ብረት፣ በላምባ አጥቦ፣ ጠርጎ፣ ጠመኔ ቀባው። ጥቂት ሲቆይ ላምባው ከስንጥቁ ወጥቶ ጠመኔው ላይ ቀጭን መስመር አወጣ። አገኘው! ደስ ሲለው ደግሞ አፉ አይዘጋም።

«ጓድ፣ ዋናው ብረት ተሰንጥቋል። ከአቅሟ በላይ ትጭናላችሁ። ድንጋይ ቢሆን ባለበት ይረጋል፤ ይሄ ጎማዎቹን ግራና ቀኝ ያላጋ፣ የሚንቀሳቀስ ጭነት ነው። ከሥሯ የሐይቅ ደንገልም ተሰንቅሮ አገኘሁ። ሐይቅ ዳር ድረስ ከብዷት ትወርዳለች ማለት ነው። እዚያ መንደር የለ፣ ገበያ የለ፤ ሰው ጭናችሁ ምን...»

ከአፉ የወጣውን ራሱ ሰማው።

ከሥር ሆኖ የሚታየው የዳኘው ጫማ ብቻ ነው። ጫማው አልተነቃነቀም። ሾፌሩን ክንዱን ሳል ያዘው። ወይ ጉድ! ሙሀመድዘይን በእጁ የያዘውን ደንገል መጣል እንኳ ፈራ።

«ባለሙያ ነዎት፣ ጋሽ ሙሀመድዘይን» አለ ዳኘው ቀስ ብሎ። «ይጠግኗት። አፍዎንም አብረው ይጠግኑ።»

ጠገናት፤ ምን ያድርግ? የተሰነጠቀውን ብረት ከሌላ መኪና በወጣ ብረት ለወጠው። ዳኘው ተሳፍሮ በመስኮት ብቅ አለና እንደ ዘመድ ፈገግ አለ።

«ለወይዘሮ ዘይነት ይንገሩልኝ። ወጡ ላይ ጨው ታበዛለች፤ አስቸገረችን።»

ለሙሀመድዘይን ነገሩ ተገለጠለት። ዓብደላ በዚያች መኪና ወደ ሐይቁ ሄዷል። ምሳ ዕቃውን ባዶ የሚያደርጉት እነሱ ናቸው።

ቤቱ ሲደርስ ዘይነት ምሳ ዕቃዋን አንጠልጥላ ልትወጣ ነበር። «ምነው ፊትህ አመድ መሰለ? ስለ ዓብደላ የሰማኸው አለ?»

ያ ሁሉ አፍ የት እንደገባ እንጃ። ምሳ ዕቃዋን እያየ፣ «ጨው በዝቶብኛል ብሏል» አላት።

«አልሐምዱሊላህ!» አለች ዘይነት፤ ከአሥራ ስምንት ቀን በኋላ ሳቀች። «ድሮስ ጨው መች ይወዳል!» ብላ ሌላ ወጥ ልትሠራለት ወደ ጓዳ ተመለሰች።