የሁለቱ ምድጃዎች ፊልም

ዓርብ ከሰዓት በፎቶ ቤቱ ጓዳ የምንገናኘው አምስት ነበርን። አንደኛው የፎቶ ቤቱ ባለቤት ነው፤ በዕድሜ ስለሚበልጠን አያ እንለዋለን። ሁለተኛዋ ታናሽ እህቱ ናት፤ ያኔ አስራ አንደኛ ክፍል ነበረች። ሦስተኛው ሐይቅ ከተማ ውስጥ ባጃጅ የሚነዳው የአምባሰል ልጅ ነው። አራተኛዋ ዐረብ አገር አራት ዓመት ሰው ቤት ሠርታ የተመለሰች የሰፈራችን ልጅ። አምስተኛው ስልክ ጠጋኙ እኔ ነኝ። ስም አልጽፍም፤ ራሳቸውን ያውቃሉ።

ለውጥ በተባለው ሰሞን በከተማችን ማኅበር ያላቋቋመ ወጣት አልነበረም። የእኛ ማኅበር ፊልም የምናጠናበት ነበር፤ አዳዲስ አስፈሪ ፊልሞችንና የሃይስኩል ልጆችን ፊልሞች ብቻ። ሁለቱን በአንድ ላይ የመረጥናቸው በምክንያት ነው። በሁለቱም ውስጥ አንድ ወጣት የሆነ ነገር ያያል፣ ይናገራል፣ የሚያምነው ያጣል።

ደንብ ነበረን። የኮምፒውተሩን ማውስ የያዘ ሰው ፊልሙን ይመራል። ማንም «አቁም!» ካለ ፊልሙ ይቆማል፤ ያስቆመው ሰው ያየውን ነገር ስክሪኑ ላይ በጣቱ ያሳያል። ያየው ትክክል ከሆነ ማውሱ የእሱ ይሆናል። «ይመስለኛል» ማለት አይቻልም። ደንቡን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ማውሱም አብዛኛውን ጊዜ እኔው ዘንድ ነበር። ከፍ ብሎ የነበረ ሻማ በሚቀጥለው ትዕይንት ሲያጥር፣ የሰዓት ቆጣሪው ወደ ኋላ ሲመለስ ቀድሜ የማየው እኔ ነበርኩ። ሁሉንም በደብተር እጽፋለሁ። በዚህ የተነሳ ባለባጃጁ «ሸኹ» ይለኝ ነበር።

አንድ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ባለባጃጁ ከደሴ በፍላሽ ያስጫነውን ፊልም ይዞ መጣ። በሁለት ክፍል የተቆረጠ ነበር። በመጀመሪያው ክፍል ጸጉረ ረጅም ፈረንጅ ልጅ አዲስ ትምህርት ቤት ትገባለች፣ ለመድረክ ትያትር ትዘጋጃለች፣ መጨረሻ ላይ በዝናብ እየሮጠች ወደ ቤቷ ትሄዳለች። ሁለተኛው ክፍል ሲከፈት ጸጉሯ የረጠበ ልጅ በር ከፍታ ትገባለች፤ ቤቱ ባዶ ነው፤ ግድግዳው ውስጥ አንድ ነገር ይቧጭራል። ሁላችንም ወደ ስክሪኑ ተጠጋን። የሃይስኩል ፊልም ወደ አስፈሪ ፊልም ሲዞር አይተን አናውቅም።

«አቁም!» አለች ከዐረብ አገር የተመለሰችው።

አላቆምኩም። «ትንሽ ቆዪ፣ ጥሩ ቦታ ላይ ነው» አልኳት።

«አቁም እኮ ነው የምልህ! ሁለት ነገር አይቻለሁ። ይሄ ቤት ያኛው ቤት አይደለም። ያኛው ማድቤት ምድጃው የጋዝ ነበር፣ ይሄኛው መስታወት ነው። እንዲህ ያለውን በሽቦ ፈግፍጌ ጭሬው የጠገብኩትን ስድብ እኔ ነኝ የማውቀው፣ ወላሂ አልሳሳትም።»

ሁለተኛውንም ነገር ተናገረች። እኔ ግን መልሴን እያዘጋጀሁ ነበር። «ዳይሬክተሩ ሆን ብሎ ነው» አልኩ። «ልጅቷ ስትፈራ ቤቱም አብሯት ይለወጣል።»

«ፍርሃት ምድጃ ይቀይራል?»

«ሸኹ ካለ አለቀ!» አለ ባለባጃጁ። አያም እህቱም ሳቁ።

በሁለተኛው ክፍል ያለችው ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ብቻዋን ስለሆነች ስሟን የሚጠራ ሰው አልነበረም። መጨረሻው ላይ ግን አንዲት አሮጊት በሌላ ስም ጠራቻት። ለዚያም መልስ አላጣሁም፤ መንፈሱ የራሱን ስም ሰጥቷት ነው አልኩ። ስለዚያ ፊልም አራት ገጽ ጻፍኩ፤ በአራት ዓርብ ተራ በተራ አነበብኩላቸው። እሷ አንዱንም አልሰማችም። ከዚያ ቀን በኋላ መምጣት ተወች።

ከዚያ ጦርነቱ መጣና ሁላችንም ተበተንን። እኔ ከእናቴ ጋር አርዲቦ አጠገብ ገጠር አክስቴ ቤት ሰነበትኩ። የሚጠገን ስልክ ስለሌለ ደብተሬን ደጋግሜ አነበብኩ። አራቱ ገጾች ሁሉንም ነገር አብራርተዋል፤ ስለ ምድጃው ግን አንድ ቃል የለም። ለሻማ ማጠር ግማሽ ገጽ የምሰጥ ሰው ምድጃ እንዴት ዘለልኩ? ያኔ ነው መጠርጠር የጀመርኩት።

ስንመለስ የፎቶ ቤቱ በር ተገንጥሎ ኮምፒውተሩ ተወስዶ ነበር። አያ ያገለገለ ላፕቶፕ እስኪገዛ ወራት አለፉ። እንደገዛ ከባለባጃጁ ጋር ፊልሙን ፈለግን፤ አገኘነውም። ሁለት ፊልም ነበር። በእውነተኛው ሁለተኛ ክፍል ያቺ ባለትያትር ልጅ መድረክ ላይ ወጥታ ይጨበጨብላታል እንጂ የሚቧጭር ነገር የለም።

ባለባጃጁ በሳቅ ወንበሩን ለቀቀ። «ሸኹ፣ ያንተ ዳይሬክተር ደሴ ፍላሽ የሚጭነው ልጅ ኖሯል እኮ!»

«ያቺ ምድጃውን ያየችው ባለፈው ሳምንት ለፓስፖርት ፎቶ ተነስታለች» አለ አያ። «ተመልሳ ልትሄድ ነው።»

«ተወው በቃ፣ እሷም ረስታዋለች» አለ ባለባጃጁ።

ምድጃ የማይረሳ ሰው ይህን አይረሳም። ሳታውቅ ከሄደች ደግሞ ማውሱ ያላግባብ እጄ ላይ ይቀራል። ሁለቱን ማድቤቶች ከፊልሞቹ ቆርጬ አያ በፎቶ ወረቀት አተመልኝ። በእህቱ በኩል ዓርብ እንድትመጣ ለመንኳት።

መጣች። በሩ አጠገብ ተቀመጠች። ፎቶዎቹን ፊቷ ዘረጋሁ።

«ሁለት ፊልም ነው። ያን ቀን አቁም ስትዪኝ አላቆምኩም። ደንቡን ያወጣሁትም የጣስኩትም እኔ ነኝ።»

አንዱን አነሳች፣ ሌላውን አነሳች። «ይሄን ለማየት ጦርነት አስፈለገህ?»

ማንም አልሳቀም። ከዚያ እሷ ራሷ ሳቀችና እጇን ዘረጋች። «በል ማውሱን!»

ያን ቀን ዘጠኝ ጊዜ አስቆመችን። በስምንቱ ትክክል ነበረች፤ በዘጠነኛው ላይ አሁንም አልተስማማንም። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ሄደች። የዓርቡ ጥናታችን አልተቋረጠም፤ አያሌ ፊልም አይተናል፣ ደብተሬም ሦስተኛው ደርሷል።

አንድ ነገር ግን ይጎድለዋል። ከምድጃው ሌላ ያየችውን ሁለተኛ ነገር አልጻፍኩም፤ ስላልሰማኋት። በስልክ ጠየቅኳት፤ «አንተው ፈልገው» አለችኝ። ሁለቱንም ፊልሞች ሁለት ሁለት ጊዜ አይቼ አላገኘሁትም። አያ፣ አንቺ እህቱ፣ አንተ ባለባጃጁ፦ እናንተ ስትናገር ትሰሙ ነበር። መጋረጃው ነበር? በሩ የሚከፈትበት አቅጣጫ? የሰማችሁትን እንደሰማችሁት ጻፉልኝ፤ ከአራቱ ገጾች ግርጌ ሦስት መስመር ባዶ ትቼላችኋለሁ።